ሦስት ደቂቃና ሦስት ቀን

ስልኩ ሲጠራ ወጋየሁ ከሀይሌ ጋርመንት ወደ ጀሞ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ መስኮት ተጠግቶ ቼዝ ይጫወት ነበር። የሦስት ደቂቃ ጨዋታ ነው። ተጋጣሚው ከየት አገር እንደሆነ የማያውቀው ሰው ሲሆን፣ ወጋየሁ በአንድ ሩክ፣ ግንብ በምትመስለው ጠጠር፣ ይበልጠዋል፤ የቀረው ሥራ መጨረስ ብቻ ነው። የሚደውለው ኮርሳ መሆኑን አየና ዘጋው። ወዲያው ደገመ። አሁንም ዘጋው። በሦስተኛው ተናድዶ አነሳ።

«ኮርሳ፣ ጨዋታ አበላሸህብኝ እኮ!»

«ቲቸር፣ የት ነህ?»

«ታክሲ ውስጥ። ጀሞ ልገባ ነው።»

«ውረድ።»

«ምን?»

«ከታክሲው ውረድና መልሰህ ደውልልኝ። መጀመሪያ ግን ውረድ።»

ኮርሳ ቀልደኛ ነው። በቀን አንድ ሰው ካላሳቀ እንቅልፍ አይወስደውም ይሉታል። ያን ቀን ድምፁ ውስጥ ቀልድ አልነበረም። ወጋየሁ «ወራጅ አለ» ብሎ ወረደ፤ የተማሪዎቹን ደብተር የያዘውን ፌስታል በብብቱ አድርጎ የመንገዱ ዳር ቆመ፤ ደወለ።

«ወርጃለሁ። ምንድን ነው?»

ከወዲያ በኩል ላም ትጮሃለች። ኮርሳ እዚያው ላፍቶ ተወልዶ ያደገ ሰው ነው። የአያቶቹ እርሻ የነበረው ቦታ ላይ ዛሬ ፎቅ ቆሟል፤ እሱ ግን ሦስት ላሞች አስቀርቶ በጀሞ ኮንዶሚኒየም ለየብሎኩ ወተት ያከፋፍላል።

«ሚሳኤል አረፈ» አለው።

«የቱ ሚሳኤል?»

ወጋየሁ የሚያውቀው ሚሳኤል አንድ ብቻ ነው።

«የኛው ነዋ፣ ቲቸር። ሥራ ቦታ ማሽኑ ላይ እንደቆመ ወደቀ አሉ። ሐኪም ቤት ሳይደርስ አለፈ። አራት ሰዓት አካባቢ ነው።»

«ቅዳሜ እኮ አብረን...»

«ቅዳሜን ተወው። እኔ ዛሬ ጠዋት ወተት አቀብዬዋለሁ። ከእጄ ተቀብሎ ‹ዛሬ ውኃ የበዛበት አይመስልም› ብሎ ሲስቅብኝ ነበር።»

ኮርሳ ከዚያ በላይ አልቻለም፤ ስልኩ ተዘጋ። ወጋየሁ ስልኩን ከጆሮው ሲያወርድ የቼዝ ሰሌዳው እንደተከፈተ ነው። «በሰዓት ተሸንፈዋል» ይላል። ስምንት ነጥብ ተቀንሶበታል። መጀመሪያ ወደ ልቡ የመጣው «በሩክ እበልጠው ነበር እኮ» የሚል ሐሳብ ነበር። ይህን ለማንም አልተናገረም፤ ግን ስለዚያች ሰዓት ሲያስብ ከሁሉ በፊት የሚያስታውሰው ይህንኑ ነው።

ሚሳኤል የሃምሳ አራት ዓመት ሰው ነበር። መካኒሳ አቦ አጠገብ ባለ ቶርኖ ቤት ውስጥ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ብረት ሲያሾር ኖሯል። ሥራው የተበላ የመኪና ዕቃ አይቶ እሱኑ የሚመስል አዲስ ማውጣት ነው። በኪሱ የመለኪያ ካሊፐር አይጠፋም፤ አንዴ የለካውን ሳይደግም አይቆርጥም። ደንበኞች «አሁን ይድረስልኝ» ሲሉት «ነገ በጠዋት» ይል ነበር፤ የነገው ዕቃም ሲገጠም በአንዴ ልክ ይገባል። ባለቤቱን ጤናዬንና የኮሌጅ ተማሪ የሆነች ልጁን ሄርሜላን ይዞ ጀሞ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ይኖር ነበር። ወጋየሁ የሚኖረው ከነሱ ፊት ለፊት ባለው ብሎክ ነው። በረንዳ ለበረንዳ ይተያያሉ።

ቅዳሜ ከሰዓት የሰፈሩ ወንዶች ኮሚዩናሉ ውስጥ ይሰበሰባሉ። ኮሚዩናል የሚሉት ለብሎኮቹ ሁሉ የጋራ የሆነውን ቤት ነው፤ የዕድሩ ድስትና ድንኳን የሚቀመጠው እዚያ ነው፣ ስብሰባውም እዚያ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን የቼዝ ነው። የሚጫወቱበትን ጠጠር ያመጣው ሚሳኤል ነበር። ከተራረፈ አሉሚኒየም ወታደሮቹንም ሩኮቹንም በቶርኖ አሹሮ አወጣቸው። ፈረስ በቶርኖ አይወጣም፤ አራቱን ፈረሶች ምሳ ሰዓቱን እየሠዋ በሞረድ ሞርዶ ጨረሳቸው። ጠጠሮቹ ከባድና ቀዝቃዛ ነበሩ፤ ሰሌዳው ላይ ሲያርፉ ድምፃቸው ያስደስታል።

የጨዋታው ዓይነት ግን የሱ አልነበረም። እዚያ የሚወደደው የሦስት ደቂቃው ነው። ሰዓት ይመታል፣ ይጮሃል፣ ጠጠር ይወድቃል፣ ይሳቃል። ሚሳኤል ደግሞ የነካትን ጠጠር ከቤቷ መሃል በትክክል ሳያስቀምጥ ሰዓቱን አይመታም። በስልክ ሲጫወትማ ይብስበታል። የጣቱ ቆዳ በብረት ስለጠነከረ ስክሪኑ እሺ አይለውም፤ ንግሥቱን ጎትቶ መሃል መንገድ ላይ ትቀርበታለች።

«ስልኩ እኮ ጣት መሆኑን አላወቀም፣ ሞረድ መስሎታል!» ይል ነበር ኮርሳ።

የሚጫወቱበት የስልክ መተግበሪያ ለእያንዳንዱ ተጫዋች ሬቲንግ የሚባል ቁጥር ይሰጣል። ስታሸንፍ ይጨምራል፣ ስትሸነፍ ይቀንሳል። ቁጥሩ ግን አንድ አይደለም። ለሦስት ደቂቃው ለብቻው፣ ለአሥር ደቂቃው ለብቻው፣ ለአንድ እርምጃ ሦስት ቀን ለሚሰጠው ዘገምተኛ ጨዋታም ለብቻው ነው። የሦስት ደቂቃው ገጽ መብረቅ ተሥሎበታል፤ የዘገምተኛው ገጽ ፀሐይ። የሚሳኤል የመብረቅ ቁጥር 1140 ነበር። በዚህ ምክንያት «አሥራ አንድ መቶ» የሚል ስም ወጥቶለት ነበር፤ ሲጠሩት አቤት ይላል።

ባለፈው ኅዳር የጀሞ ቡድን ከሀይሌ ጋርመንት ቡድን ጋር ግጥሚያ ያዘ። አምስት ሰው በአምስት ቦርድ፣ ለእያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ሙሉ ሰዓት። ጠንካራው አንደኛ ቦርድ፣ ቀጣዩ ሁለተኛ፣ እንዲህ እያለ ይወርዳል። ዝርዝሩን የሚያወጣው ወጋየሁ ነበር፤ የሂሳብ መምህር ስለሆነ ቁጥር ሲነሳ ሁሉም ወደሱ ያያል። የየሰዉን ስልክ እየተቀበለ መጀመሪያ ያየውን ቁጥር ወረቀት ላይ ጻፈ። ራሱን በ1610 አንደኛ አደረገ፤ የሦስት ደቂቃው ነው። ኮርሳን በ1480 ሦስተኛ አደረገ፤ የኮርሳው ግን የአሥር ደቂቃው ነበር። ማንም ልብ አላለም። ሚሳኤልን በ1140 ስድስተኛ፣ ማለት ተጠባባቂ አድርጎ ጻፈው።

«ወጌ» አለው ሚሳኤል፣ ስልኩን መልሶ ሊቀበል እጁን እንደዘረጋ። «ፀሐይ ያለባትንም ገጽ ብታያት።»

«እሷ የጡረተኛ ጨዋታ ናት፣ ሚሳ። ሦስት ቀን ከተሰጠው ማን ያቅተዋል?»

«ሦስት ቀን ከተሰጣትማ ላሜም ትጫወታለች!» አለ ኮርሳ። ቤቱ በሣቅ ተሞላ።

«ላምህ የምትገባ ከሆነ እኔ ሰባተኛ ልሁን» አለ ሚሳኤል፤ እሱም ሣቀ። ስልኩን ኪሱ ከተተ። ዝርዝሩ ግድግዳው ላይ ተለጠፈ።

ግጥሚያውን ሦስት ለሁለት ተሸነፉ። ከተሸነፉት አንዱ ወጋየሁ ነው፤ የአንድ ሰዓቱን ጨዋታ በሩብ ሰዓት ጨርሶት ነበር። ሚሳኤል ተጠባባቂ ሆኖ ሻይ ሲያቀርብ፣ ሰዓት ሲያስተካክል ዋለ። የቀረውን ጊዜ ጉልበቱ ላይ እጁን አድርጎ አንደኛውን ቦርድ ሲመለከት ነበር። ወደ ቤት ተመልሰው ደረጃው ሥር ሲለያዩ፣ «እኔና አንተ እስቲ በኔ ሰዓት እንጫወት» አለው። ማታውን የሦስት ቀኑን ጨዋታ ግብዣ ላከለት። ወጋየሁ ለወጉ ያህል ተቀበለ። ከዚያ በኋላ በታክሲ ውስጥ፣ በሰልፍ፣ በትምህርት ቤት ደወል መሃል፣ ተራው ሲደርስ በአሥር ሰከንድ አንድ ጠጠር እየገፋ ወደ ሦስት ደቂቃው ይመለስ ነበር።

ማክሰኞ መርዶውን ሰምቶ በእግሩ ጀሞ ሲደርስ በሁለቱ ብሎኮች መሃል የዕድሩ ድንኳን እየተተከለ ነው። አንድ ሰው ገመድ አቀበለው። ካስማው ላይ አሠረ፤ ፈትቶ መልሶ አሠረ፤ አሁንም ፈታው። ኮርሳ መጥቶ ገመዱን ቀስ አድርጎ ከእጁ ወሰደ። ከላይ ከሦስተኛ ፎቅ የጤናዬ ድምፅ ይሰማል። ወጋየሁ የተማሪዎቹን ደብተር በብብቱ እንደያዘ መሆኑን ያወቀው ሊያለቅስ ብሎ ፊቱን ሊሸፍን እጁን ሲያነሣ ፌስታሉ ሲወድቅበት ነው።

ቀብሩ ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ እንዲጽፍ የተጠየቀው እሱ ነበር። መምህር ነው፣ ጓደኛው ነው፣ ማን ይጽፋል ሌላ። ድንኳኑ ጥግ ተቀምጦ ጻፈ። የተወለደበትን፣ የተማረበትን፣ ያገባበትን ዓመት የሚሳኤል ወንድም ነገረው። መጨረሻው ላይ አንድ ዐረፍተ ነገር ከራሱ ጨመረ፦ «በትርፍ ጊዜው ቼዝ መጫወት የሚወድ ሲሆን የጀሞ ቡድን ተጠባባቂ ተጫዋች ነበር።» ረቡዕ ከሰዓት በኋላ አስከሬኑ ፊት ቆሞ፣ በሕዝቡ ሁሉ መሃል፣ ይህንኑ በድምፁ አነበበ። ድምፁ አልተንቀጠቀጠም። ስለዚያም ያመሰገኑት ነበሩ።

ሐሙስ ከሰዓት ድንኳኑ ውስጥ ሄርሜላ አጠገቡ መጥታ ተቀመጠች። ጥቁር ልብስ ለብሳለች፤ የአባቷን ስልክ ይዛለች። ስልኩ እሷ ጋ የሆነው ላልሰማ ሰው የመንገር ሥራ ለሷ ስለደረሰ ነው፤ ያላወቁ ደንበኞች «ዕቃዬ ደረሰ ወይ?» እያሉ ይደውላሉ።

«ጋሼ ወጋየሁ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ?»

«ጠይቂኝ፣ ሄርሚ።»

«ተጠባባቂ ምን ማለት ነው?»

«ያው... ከአምስቱ አንዱ ቢቀር የሚገባ ሰው ማለት ነው።»

«ለምን ተጠባባቂ ሆነ?»

«ቁጥሩ ትንሽ ዝቅ ያለ ስለነበረ ነው እንጂ አባትሽ...»

«የትኛው ቁጥሩ?»

ስልኩን ከፍታ አቀበለችው። ፀሐይ ያለባት ገጽ ናት። ከፀሐይዋ አጠገብ 1994 ይላል።

ወጋየሁ ቁጥሩን አየ። መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጠረገና እንደገና አየ። ወደ ኋላ ገልጦ የተጫወታቸውን ጨዋታዎች ተመለከተ። ስድስት ዓመት ሙሉ፣ በየቀኑ፣ እርምጃ በእርምጃ። ካሸነፋቸው ውስጥ የወጋየሁ ጓደኞች ሁሉ አንድ ላይ ቢደመሩ የማይችሏቸው ሰዎች ነበሩ።

«ሁለት ሺህ ሲሞላ ለወጌ አሳየዋለሁ ይል ነበር» አለች ሄርሜላ። «‹ለግንቦቱ ግጥሚያ ሌላ ነገር ሳልናገር ስልኩን ብቻ አቀብለዋለሁ፤ የአንድ ሰዓት ጨዋታ ስለሆነ አንድ ቦርድ አይነፍገኝም› አለኝ። ስድስት ነጥብ ነው የቀረው ብሎ የነገረኝ ሰኞ ነው።»

ወጋየሁ ስልኩን መለሰላት። በየመንፈቁ መጨረሻ ወላጆች ካርድ ይዘው ይመጡና «የጎረቤቴ ልጅ ሦስተኛ ወጥቶ የኔ ስምንተኛ?» ሲሉት እሱ ነው የሚያስረዳቸው። ደረጃው የወጣው ከየትኛው ክፍል ነው? ከነማን ጋር? ከተለያየ ክፍል የወጣ ደረጃ ጎን ለጎን አይቀመጥም። ሃያ ሁለት ዓመት ይህን ሲናገር ኖሯል። ኮሚዩናሉ ውስጥ ግን የአንዱን ሰው የመብረቅ ቁጥር ከሌላው የአሥር ደቂቃ ቁጥር ጋር በአንድ ወረቀት ደርድሮ፣ ያንን ለአንድ ሰዓት ጨዋታ መመዘኛ አድርጎ፣ ግድግዳ ላይ ለጥፏል። ያንኑ ወስዶ መቃብር አፋፍ ላይ አንብቦታል።

ቤቱ ገብቶ የራሱን ስልክ ከፈተ። ከማክሰኞ ወዲህ ቼዝ የሚባል ነገር አልነካም ነበር። ጨዋታቸው ክፍት ነው፤ ተራው የሱ ነው። ሚሳኤል የመጨረሻዋን እርምጃ የተጫወተው ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ከአሥር ላይ ነው። ማሽኑን ከማስነሣቱ በፊት መሆን አለበት። ከዚያ በኋላ አንድ ሰዓት እንኳ በቅጡ አልኖረም።

እርምጃዋ ንጉሡን አንድ ቤት ወደ ጎን ያደረገበት ናት። ሌላ ጊዜ ቢሆን ወጋየሁ በአሥር ሰከንድ አልፏት ነበር፤ በአንድ ወታደር ስለሚበልጥ እያሸነፈ ይመስለው ነበር። አሁን ሰሌዳ አውጥቶ ጠጠሮቹን ጠረጴዛ ላይ ደረደረ። ሩኩን ቢያነሳ ወታደሩ ይበላል። ወታደሩን ቢገፋ ሩኩ ይዘጋል። ንጉሡን ቢያነሳ ሁሉም ይፈርሳል። ማለፍ ቢቻል ኖሮ ምንም አይሆንም ነበር፤ ግን ተራው የሱ ነው፣ ማለፍ ደግሞ የለም። ወደ ኋላ እየመለሰ ከየት እንደጀመረ ፈለገ። አሥራ አራተኛው እርምጃ ላይ አገኘው። ሚሳኤል ከዚያ ጀምሮ ወደዚህ ቦታ ሲመጣ ነበር፤ አራት ወር ሙሉ፣ ሳይቸኩል። የሰጠውም ወታደር ቢሆን አውቆ የሰጠው ነው።

ከጨዋታው ጎን የመልእክት ሳጥን አለች። ወጋየሁ ከፍቷት አያውቅም። አንድ መልእክት ተቀምጧል፤ በአሥራ አራተኛው እርምጃ የተላከ ነው።

«ወጌ፣ ሦስት ቀን አለህ እኮ። ምን ያስቸኩልሃል?»

ወጋየሁ ከወንበሩ ተነሥቶ በረንዳ ላይ ወጣ። ፊት ለፊት የነሚሳኤል በረንዳ ላይ የሥራ ቱታው ገመድ ላይ እንደተሰጣ ነው። ማንም ለማውረድ አልደፈረም። ተመልሶ ገባ።

ከዚያ በኋላ የሠራው ሂሳብ ነው፤ ሌላ የሚያውቀው ነገር አልነበረም። አንድ ጠጠር ቢያንቀሳቅስ የሚሳኤል ሰዓት መቁጠር ይጀምራል፤ ሦስት ቀን ቆጥሮ ያልቅና ሟቹ በሰዓት ተሸነፈ ይባላል፤ ቁጥሩም ይወርዳል። ይህን አያደርግም። ዝም ቢል የራሱ ሰዓት አርብ ጠዋት ሦስት ከአሥር ላይ ያልቃል፤ ሚሳኤል ያሸንፋል። ወይም ከሰሌዳው ሥር ያለችውን ነጭ ባንዲራ ነክቶ እጅ ይሰጣል። ያኔም ሚሳኤል ያሸንፋል። በቁጥር ሁለቱ አንድ ናቸው። በተጫዋች ዘንድ ግን አንድ አይደሉም፤ እጅ የሰጠ ሰው ያየኸውን አይቻለሁ ማለቱ ነው። ሰዓት ያለቀበት ምንም አላለም።

ስድስቱ ነጥብ ይሞላ እንደሆነም አሰላ። የራሱ የፀሐይ ቁጥር 1205 ነበር። በሁለቱ መሃል ያለው ርቀት ከሰባት መቶ ሰማንያ ይበልጣል። እንደዚህ ደካማ የሆነ ሰው ማሸነፍ ለሚሳኤል የሚጨምርለት አንድ ነጥብ ነው። አንድ። እስክሪብቶውን አስቀመጠ። በመተግበሪያው ሚዛን ወጋየሁ ለሚሳኤል የአንድ ነጥብ ዋጋ ያለው ሰው ነበር።

እጅ ለመስጠት ወሰነ። አርብ ጠዋት ከክፍል በፊት አደርገዋለሁ ብሎ ተኛ። ጠዋት ስልኩን ከፈተ፤ ባንዲራዋ ላይ ጣቱን አደረሰና መለሰው። ከነካት ጨዋታው ይዘጋል። እስካልነካት ድረስ ግን እሱና ሚሳኤል ጨዋታ ላይ ናቸው፤ ተራ የሚጠበቅበት ሰው አለ። ሦስት ሰዓት ሲሆን በአምስት ደቂቃው ዕረፍት መምህራን ክፍል ውስጥ እንደገና ከፈተው። ባንዲራዋን ከመንካቱ በፊት መልእክት ሊጽፍለት ፈለገ። «ሚሳ፣» ብሎ ጻፈ። ቀጥሎ የሚጻፍ አላገኘም። ደወሉ ተደወለ። ስልኩን መሳቢያ ውስጥ አስቀምጦ ወደ ዘጠነኛ ክፍል ገባ፤ ጥቁር ሰሌዳው ላይ ስለ አማካይ አስተማረ። ሲመለስ ጨዋታው አልቋል። «በሰዓት ተሸንፈዋል» ይላል። በሳምንቱ ለሁለተኛ ጊዜ ነው። ሦስት ቀን ተሰጥቶት ሰዓት አለቀበት።

ከሰዓት በኋላ ሣልስቱ ላይ ሄርሜላን ለብቻዋ ጠርቶ ነገራት። አንዱንም አልደበቃት።

«ስንት ሆነ?» አለችው።

«1995።»

«እጅ ሰጥተህ ነው?»

«አይ። በሰዓት ነው።»

«አባዬ በሰዓት ያሸነፈውን ከቁም ነገር አይቆጥረውም ነበር» አለች። አልተቆጣችም። እንደዚያ ስለነበረ እንደዚያ አለች እንጂ።

ጤናዬ ከሴቶቹ መሃል ሆና ትሰማ ኖሯል። ነጠላዋን አስተካክላ ቀና አለች። «ወጋየሁ፣ ያነበብከው ወረቀት ከፎቶው ሥር በመስታወት ሊሆን ነው። አርባው ሲሆን ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ሰው ሲመጣ ያነበዋል። ስለ ጨዋታው የጻፍከውን አስተካክለህ አምጣልኝ።»

«እሺ» አላት።

በማግስቱ ቅዳሜ ነበር። ኮሚዩናሉ ውስጥ ሰው ተሰብስቧል፤ የሚጫወት የለም። የሚሳኤል ጠጠሮች በካርቶናቸው እንዳሉ ናቸው። ወጋየሁ ቆመና ስለ ቁጥሩ ነገራቸው። ከዚያ ከኅዳር ጀምሮ የተለጠፈውን ዝርዝር ከግድግዳው ላይ አውርዶ አጠፈው።

«1995!» አለ ኮርሳ። ሁለት እጁን ጭንቅላቱ ላይ ጫነ። «አሥራ አንድ መቶ እያልኩት! ቲቸር፣ ይሄ ሰው በእጥፍ ይበልጠን ነበር በለኛ?»

«እንደሱ ማለት አይቻልም፣ ኮርሳ። የሦስት ቀኑ ቁጥር ለብቻው ነው። ካንተ አሥር ደቂቃም ከኔ ሦስት ደቂቃም ጋር አይወዳደርም።»

«ያኔ አወዳድረኸው የለም እንዴ?»

ወጋየሁ የታጠፈውን ዝርዝር ኪሱ ከተተ። ኮርሳም ራሱ የተናገረውን ሰምቶ አንገቱን ደፋ። «ላሜ ትጫወታለች ያልኩት እኔ ነኝ» አለ ቀስ ብሎ። «ሁሉም ሣቀ። እሱም ሣቀ።»

ወጋየሁ የሕይወት ታሪኩን በንጹሕ ወረቀት ገልብጦታል። የትውልዱ ዓመት፣ የቶርኖ ቤቱ ሃያ ዘጠኝ ዓመት፣ ጤናዬ፣ ሄርሜላ፣ በእጁ የሞረዳቸው አራት ፈረሶች ሁሉም ገብተዋል። ተጠባባቂ የሚለው ወጥቷል። በቦታው ምን እንደሚገባ ግን አላወቀም። ሚሳኤል ለአንድ እርምጃ ሦስት ቀን ሲሰጠው ምን እንደሚችል ቁጥሩ ተናግሯል፤ ሦስት ደቂቃ ሲሰጠው ምን እንደሚቸግረውም ታይቷል። በአንድ ሰዓት ጨዋታ፣ በራሱ ጠጠር፣ አንደኛው ቦርድ ላይ ተቀምጦ ምን ያህል ይችል እንደነበር የሚያውቅ የለም። የሚታወቀው አስቀምጦ በማየት ብቻ ነበር፤ አላስቀመጡትም።

አርባው ሊደርስ አሥራ አንድ ቀን ቀርቶታል። ጤናዬ መስታወቱን አሠርታ ጨርሳለች። ያቺ አንዲት መስመር አልተጻፈችም።